ጣቢያ በሌለበት የተሰማው ድምፅ

በክረምት ወረታ አድሮ ሾርት ዌቭ ሬዲዮ የከፈተ ሰው የምለው ይገባዋል። በጣና በኩል መብረቅ ሲበርቅ ሬዲዮኑ ይንጣጣል። ዝናቡ ሲርቅ መንጣጣቱ ይደክምና ከጣቢያ ጣቢያ መሀል ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይቀራል። ሩዙ ውኃ ውስጥ በቆመበት በፎገራ ሜዳ ላይ ይህን ስሰማ የማስበው ስለ ካርል ጃንስኪ ነው።

ጃንስኪ በ1905 እ.ኤ.አ. ኦክላሆማ ውስጥ ተወለደ። ፊዚክስ ተምሮ በ1928 የቤል ስልክ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ገባ። ኩባንያው ከአትላንቲክ ማዶ ለማዶ የሚደረገውን የሬዲዮ ስልክ የሚረብሸው ምን እንደሆነ እንዲያጣራ አዘዘው። እሱም ኒው ጀርሲ፣ ሆልምደል በሚባል ቦታ 30 ሜትር ያህል የሚረዝም አንቴና በፎርድ መኪና ጎማዎች ላይ አቁሞ በየ20 ደቂቃው አንድ ዙር እያዞረ ያዳምጥ ጀመር።

ሦስት ዓይነት ረብሻ አገኘ። አንዱ የቅርብ መብረቅ፣ ሁለተኛው የሩቅ መብረቅ ነው። ሦስተኛው ያ ሽሽታ ነበር። መጀመሪያ ከፀሐይ መስሎት ነበር። ወራት ሲያልፉ ግን ድምፁ ፀሐይን ትቶ በየ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃው ይመለስ ጀመር። ይህ የከዋክብት ሰዓት ነው። ምንጩም አውደ ነገሥት ቀውስ በሚለው ክፍል በኩል፣ የፍኖተ ሐሊብ እምብርት ሆኖ ተገኘ። በ1933 ዜናው የኒው ዮርክ ታይምስ የፊት ገጽ ላይ ወጣ።

ከዚያስ? ኩባንያው የፈለገውን መልስ አግኝቷልና ሌላ ሥራ ሰጠው። አለቃው ጃንስኪ ከሞተ ከ15 ዓመት በኋላ፣ ልጁ ምርምሩን ልቀጥል ብሎ ጠይቆ እንደማያውቅ ጽፏል። ጃንስኪ ግን በ1934 መጀመሪያ ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ፣ የከዋክብቱን ነገር ትቶ ሌላ እንዲሠራ አለቃው መወሰኑን ገልጾ ነበር። እኔ ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ከ30 ዓመት በኋላ ከተሰጠ ምስክርነት ይልቅ ነገሩ በሆነበት ሰሞን የተጻፈው ይበልጥብኛል።

መንገዱን የቀጠለው ግሮት ሬበር የሚባል፣ ለዚህ ሥራ ማንም ያልቀጠረው ወጣት መሐንዲስ ነው። በ1937 በገዛ ገንዘቡ በግቢው ውስጥ 9 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ሳህን ሠራ። ድምፁ ከሙቀት የመጣ ከሆነ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ሲል መበርታት ነበረበት። ሬበር በ3,300 ሜጋኸርዝ ፈለገ፣ አጣ። በ910ም አጣ። ያገኘው ወደ 160 ሲወርድ ነው። ነገሩ ሙቀት አይደለም ማለት ነው። በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ የሚሽከረከሩ ፈጣን ኤሌክትሮኖች መሆናቸው የታወቀው ቆይቶ ነው።

ጃንስኪ ከወጣትነቱ ጀምሮ የኩላሊት ሕመምተኛ ነበር፤ በ1950 በ44 ዓመቱ አረፈ። በ1973 የሬዲዮ ብርታት መለኪያ በስሙ ተሰየመ። ዛሬ እጅግ ሩቅ የሆኑ ጋላክሲዎችን የሚያድኑ ተመራማሪዎች በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ደምቀው ከፍ ሲል ቶሎ የሚደበዝዙትን ይለቅማሉ፤ የእያንዳንዱንም ብርታት የሚመዘግቡት በጃንስኪ ነው።