ዘርተው ያላጨዱት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት

ዘሪ ሁሉ አጫጅ አይሆንም። አንዳንዱ ማሳውን አለስልሶ፣ ዘሩን በትኖ ሲያበቃ ቡቃያውን ሳያይ ያልፋል፤ መከሩንም ሌላው ይሰበስባል። በኢትዮጵያ የከፍተኛ እርሻ ትምህርት ታሪክ የዶክተር ሄንሪ ጋርላንድ ቤኔት ዕጣ ይህ ነበር። ዛሬ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ኮሌጅ ከወጠኑት ሰዎች አንዱ ሲሆኑ፣ የማቋቋሚያው ውል ሲፈረምም ሆነ የመጀመሪያው ተማሪ ሲመዘገብ በሕይወት አልነበሩም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቤኔት በ1886 በአሜሪካ፣ በአርካንሳስ ግዛት፣ ኒው ሆፕ በምትባል የገጠር ቀበሌ ተወለዱ። በዚያው ግዛት በሚገኘው በኦዋሺታ ኮሌጅ ተምረው በ1907 ከተመረቁ በኋላ ወደ ኦክላሆማ ተሻግረው በትምህርት ሥራ ተሰማሩ። ከትምህርት ቤቶች አስተዳዳሪነት ተነሥተው በ1919 በዱራንት ከተማ የነበረው የመምህራን ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆኑ። የዶክተርነት ማዕርጋቸውን በ1926 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተቀበሉ። በ1928 በስቲልዎተር ከተማ የሚገኘውን የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ በፕሬዚዳንትነት ተረከቡ፤ በዚህም ኃላፊነት እስከ ዕለተ ሞታቸው ቆዩ።

ይህ ኮሌጅ የተለየ መሠረት ነበረው። በ1862 ፕሬዚዳንት ሊንከን የፈረሙት ሕግ ለእያንዳንዱ ግዛት፣ በምክር ቤትና በሴኔት ባለው እንደራሴ ቁጥር ልክ፣ በነፍስ ወከፍ 30,000 ኤከር የመንግሥት መሬት ሰጠ። መሬቱ ተሽጦ ገቢው እርሻና የእጅ ጥበብ ለሚያስተምሩ ኮሌጆች እንዲውል ታዘዘ። በ1887 የወጣ ሌላ ሕግ ከኮሌጆቹ ጋር የምርምር ጣቢያ አያያዘ፤ በ1914 የወጣው ደግሞ የምርምሩን ውጤት እስከ ገበሬው ደጃፍ የሚያደርስ የኤክስቴንሽን አገልግሎት ጨመረ። ከዚህ በኋላ የእነዚህ ኮሌጆች መምህር ማስተማር፣ መመርመርና ገበሬውን ማገልገል የሚሉ ሦስት የተሳሰሩ ተግባሮች ነበሩት። ቤኔት ከሁሉ በላይ ያመኑት በዚህ ትስስር ነው።

እምነታቸውም በመከራ ተፈተነ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ውድቀትና ድርቅ በአንድነት ኦክላሆማን መቷት። ያለ ጥንቃቄ የታረሰው አፈር በነፋስ ተጠርጎ ሰማዩን አጨለመው፤ እጅግ ብዙ ቤተሰብ ቀየውን ጥሎ ተሰደደ። ቤኔት በዚህ ዘመን ለኮሌጁ የ25 ዓመት የግንባታ ዕቅድ አውጥተው ደረጃ በደረጃ ይሠሩ ነበር። አፈሩ ከተሟጠጠ ሕዝቡም እንደሚበተን በዓይናቸው ያዩት ያኔ ነው። በኋላ ስለ ድሀ አገሮች ሲያስቡ መነሻቸው ይህ የገዛ ግዛታቸው ችግር ነበር።

ሆኖም የዚያ ኮሌጅ በር ለሁሉ የተከፈተ አልነበረም። የኦክላሆማ ሕግ ጥቁሮችና ነጮች በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ ይከለክል ስለ ነበር፣ ለጥቁሮች በላንግስተን የተለየ ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሞላቸው ነበር። በስቲልዎተር የመጀመሪያዋ ጥቁር ተማሪ የተመዘገበችው የፍርድ ቤት ክርክሮች ሕጉን ከሸረሸሩት በኋላ በ1949 ነበር። ስለዚህ ኮሌጁ የአፍሪካን ልጆች ለማስተማር እጁን ሲዘረጋ፣ የአገሩን ጥቁር ልጆች መቀበል ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመታት ማለፋቸው ነበር። ይህ እውነት ከቤኔት ታሪክ ተለይቶ ሊታለፍ አይገባም።

ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1949 ሥልጣናቸውን ሲያድሱ ባሰሙት ንግግር፣ አሜሪካ የቴክኒክ ዕውቀቷን ለድሀ አገሮች እንድታካፍል በአራተኛ ነጥብነት አመለከቱ። ፕሮግራሙ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ለአውሮፓ መልሶ ግንባታ 13 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሲመደብ፣ ለዚህኛው የተሰጠው ገንዘብ እጅግ ጥቂት ስለ ነበር ዋና ስንቁ ዕውቀት መሆን ነበረበት። ቤኔት በ1950 ኢትዮጵያን ጎብኝተው ከንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተወያዩ፤ እንደ ኦክላሆማው ኮሌጅ ትምህርትን፣ ምርምርንና ኤክስቴንሽንን ያስተባበረ የእርሻ ኮሌጅ እንዲቋቋም የሚለውንም ሐሳብ ደገፉ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ፕሬዚዳንት ትሩማን የአራተኛው ነጥብ ፕሮግራም አስተዳዳሪ አድርገው ሾሟቸው።

በሹመቱ ላይ የቆዩት ከአንድ ዓመት ብዙም ላልበለጠ ጊዜ ነው። በዲሴምበር 1951 የሥራ ጉብኝት በማድረግ ላይ ሳሉ የተሳፈሩበት አውሮፕላን ቴሕራን አጠገብ ተከሰከሰ፤ እርሳቸው፣ ባለቤታቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው ሞቱ። ዕድሜያቸው 65 ነበር።

ሥራው ግን አብሮ አልተቀበረም። በሜይ 16 ቀን 1952 በአሜሪካ መንግሥትና በኦክላሆማው ኮሌጅ መካከል ውል ተፈረመ። የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት በዚያው ዓመት ሥራ ጀመረ፤ የዓለማያው ሕንጻ እስኪደርስ ድረስ የኮሌጁ ተማሪዎችም በጅማ ተጠልለው ከቆዩ በኋላ በ1956 ወደ ሐረርጌው ደጋ ተዛወሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 ስቲልዎተር ድረስ ሄደው ኮሌጁን ጎበኙ፤ በ1958 ደግሞ የዓለማያን ኮሌጅ መረቁ። በኮሌጁ ሥር የተደራጀው የደብረ ዘይት የምርምር ጣቢያም በጤፍና በስንዴ ምርምር ስሙ የታወቀ ሆነ። ወደ አሜሪካ ለከፍተኛ ትምህርት የተላኩት ኢትዮጵያውያን እየተመለሱ የውጭ አገር መምህራንን ቦታ ያዙ። ውሉ በ1968 ሲያበቃ ኮሌጁ ቆሞ ቀጠለ፤ የመተባበሩ ትክክለኛ ፍሬም ይኸው ነበር።

ሁሉም እንደ ታሰበው አልሆነም። የኤክስቴንሽን አገልግሎት በ1963 ከኮሌጁ ወጥቶ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ሲዛወር፣ ሦስቱን ተግባሮች ያስተሳሰረው ገመድ ላላ። ከዚያም በላይ፣ የኦክላሆማው አርአያ በአብዛኛው መሬቱን በገዛ ፈቃዱ ለሚያርስ ገበሬ የተዘጋጀ ነበር። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢ ግን ጭሰኛው የምርቱን ከፍተኛ ድርሻ ለባለመሬቱ ስለሚያስረክብ፣ የተሻለ ዘር ቢሰጠውም የትርፉ ባለቤት እርሱ አልነበረም። እስከ 1975ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ይህን እንቅፋት ኮሌጅ ብቻውን ሊያነሣው አይችልም ነበር። ዕውቀትን ማካፈል የፍትሕን ጥያቄ እንደማይተካ የቤኔት ዕቅድ ታሪክ ራሱ ያስረዳል።

የዓለማያ ኮሌጅ በ1985 ራሱን የቻለ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በኋላም ሐረማያ የሚለውን ስም ያዘ። ከእርሱ የወጡ ባለሙያዎች በምርምር ጣቢያዎች፣ በሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተሰማርተው ለአገራቸው ሠርተዋል። ቤኔት ከአንዳቸውም ጋር አልተገናኙም። ለእነርሱ ያወረሷቸው የመማሪያ ክፍሉ፣ የሙከራ መደቡና የገበሬው ማሳ ተለያይተው መኖር የለባቸውም የሚለውን ሐሳብ ነው። ያ ገመድ አንድ ጊዜ ላልቷል፤ መልሶ ማጥበቅ የእርሻ ትምህርትን የተረከበው ትውልድ ሁሉ ዕዳ ነው።