አውጉስት ፎን ቫሰርማን፦ የተደበቀ ቂጥኝን በደም የለየ ሐኪም

በጨንቻ ወይም በቦንኬ ደጋ ባለ ጤና ጣቢያ ለእርግዝና ክትትል ሄደው ጣትዎን ተወግተው ከሆነ፣ ከኤችአይቪ ጋር ቂጥኝም ታይቶልዎት ይሆናል። ውጤቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይደርሳል፤ ካስፈለገ መርፌውን በዚያው ቀን ወስደው መመለስ ይችላሉ። ቂጥኝን በደም መፈለግ የተጀመረው ግን ከመቶ ዓመት በፊት በርሊን ውስጥ ነው።

አውጉስት ፎን ቫሰርማን በ1866 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በጀርመን ባምበርግ ከተማ ተወለደ። ሕክምና ተምሮ በ1888 ተመረቀ፤ በኋላም በርሊን ከሮበርት ኮህ ዘንድ ሠራ። የቂጥኝ ተህዋሲ የተገኘው በ1905 ነው። ችግሩ ግን ቁስሉ ከዳነ በኋላ በሽታው ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ መቆየቱ ነበር። ቫሰርማን በ1906 ከአልበርት ናይሰርና ከካርል ብሩክ ጋር ሆኖ ይህን የሚለይ የደም ምርመራ አወጣ።

ምርመራው የበግ ቀይ የደም ሴል፣ የሌላ እንስሳ የደም ውሃና የሠለጠነ እጅ ይፈልግ ነበር። ታካሚው ደሙን ሰጥቶ ይሄዳል፣ ለውጤቱ ሌላ ቀን ይመለሳል። ከተራራ በእግሩ ለወረደ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል፤ ብዙው አይመለስም።

ሌላው ጉድለቱ አርባ ምንጭን በቀጥታ ይነካል። ቫሰርማንና ባልደረቦቹ ምርመራው ተህዋሲውን ለይቶ የሚያመለክት መስሏቸው ነበር። በኋላ እንደታወቀው የሚይዘው ሰውነት በአንድ የቅባት ዓይነት ላይ የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ይህ ደግሞ በወባም ሊወጣ ይችላል። በአባያና በጫሞ ዳር ወባ ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። ዛሬም በላብራቶሪ የሚሠራው ቪዲአርኤል የዚሁ ምርመራ ዘር ስለሆነ፣ ፖዘቲቭ የሚል ወረቀት ይዘው ከባለቤትዎ ጋር ከመጣላትዎ በፊት ማረጋገጫ ይጠይቁ።

ፈጣኑ የጣት ምርመራ ተህዋሲውን ራሱን የሚቃወመውን ፀረ እንግዳ አካል ስለሚፈልግ ወባ እምብዛም አያሳስተውም። ነገር ግን ታክሞ በዳነ ሰው ላይም ለዓመታት ፖዘቲቭ ሊል ይችላል፤ ቀድሞ ታክመው ከነበረ ሳይደብቁ ይንገሩ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ግን ሕክምናውን አያቆዩ፤ ያልታከመ ቂጥኝ ፅንሱን ሊገድል ይችላል። ባለቤትዎም አብረው ይመርመሩ፣ ይታከሙ።

ቫሰርማን በ1925 በርሊን ውስጥ ሞተ። በሽታውን በደም ቢለይም በዘመኑ የነበረው መድኃኒት አርሰኒክ ያለበት ነበር። ቂጥኝ በፔኒሲሊን መታከም የጀመረው በ1943 ነው፤ ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌም ከዚያው ወገን ነው።