የጨረቃን ነዋሪ የፈለገው ሙዚቀኛ

አንባቢ ሆይ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት በሐይቅ ውሃ ዳር ቆመህ ሽቅብ ብትመለከት ከአምባሰል ተራሮች በላይ ያለውን ሰማይ በከዋክብት ተሞልቶ ታገኘዋለህ። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት ትምህርት ያስፋፉት እዚሁ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። የአገራችን ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት እየቀመሩ አጽዋማትንና በዓላትን ሲያወጡ ኖረዋል። አሁን ታሪኩ የሚነገርህ ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ነበረው፤ በእነዚያ ብርሃናት ላይ የሚኖር ፍጡር ይኖር ይሆን? ይህን እንዲመረምር የቀጠረው አልነበረም። የመረመረው በገዛ ፈቃዱ፣ በገዛ ገንዘቡና በእንቅልፍ ሰዓቱ ነው።

ዊልያም ኸርሸል በጀርመን አገር በሐኖቨር ከተማ በ1738 ተወለደ (በዚህ ምንባብ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እንደ አባቱ የወታደር ባንድ ሙዚቀኛ ሆነ። ገና 20 ዓመት ሳይሞላው፣ በ1757፣ ጦርነቱን ትቶ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። ባዝ በምትባል ከተማ የጸሎት ቤት ኦርጋን ተጫዋችና የሙዚቃ መምህር ሆኖ ኑሮውን አደላደለ። እኅቱ ካሮሊንም በ1772 ከሐኖቨር መጥታ አብራው ተቀመጠች።

በ35 ዓመቱ ገደማ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ በእጁ ገባና ሐሳቡ ሁሉ ወደ ሰማይ ሄደ። የሚሻው ትልቅ ቴሌስኮፕ ዋጋው ከአቅሙ በላይ ስለ ሆነ ራሱ ሊሠራ ተነሣ። የመሣሪያው ዋና ክፍል ከመዳብና ከቆርቆሮ ቅልቅል የሚሠራ ጎድጓዳ መስተዋት ነው። የቀለጠው ማዕድን የሚፈስበት ቅርጽ ከፈረስ ፋንድያ ስለሚበጅ፣ ቤተ ሰቡ ፋንድያውን በሙቀጫ እየወቀጠ በወንፊት ይነፋ ነበር። አንድ ቀን ኸርሸል መስተዋት ሲወለውል እጁን ሳያነሣ 16 ሰዓት ቆየ፤ ካሮሊን ምግቡን በትንሽ በትንሹ ታጎርሰው ነበር። በሌላ ጊዜም እርሱ ሲወለውል እርሷ የሺህ አንድ ሌሊትን ተረቶች ታነብለት ነበር። መስተዋቱን በዚህ ሁሉ ድካም ያበጀው ከምሽት የሙዚቃ ትርኢት መልስ ሰማይን ለማየት ነው።

በ1776 ጨረቃን ሲመለከት ጫካ ያየ መሰለው። ቆይቶም ክብ ክብ የሆኑት የጨረቃ ጉድጓዶች ነዋሪዎች የሠሯቸው ከተሞች ናቸው ብሎ ጠረጠረ። በ1780 የጨረቃን ተራሮች ከፍታ ለክቶ ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ሲያቀርብ ስለ ነዋሪዎቹም ጻፈ። ልኬቱ ታተመለት፤ የነዋሪዎቹ ነገር ግን ማስረጃ ስላልነበረው ከሚታተመው ጽሑፍ ወጣ። ጨረቃ እንደ ምድር አየር የላትም፤ ጫካም ከተማም የለባትም። ኸርሸል ግን በ1795 ፀሐይም ሳትቀር ነዋሪ አላት የሚል ጽሑፍ አሳትሟል። ይህን ልንሸፍንለት አይገባም፤ በዘመኑ እንደ እርሱ አጥርቶ የሚያይ አልነበረም፣ ምኞቱ ግን ዓይኑን ይቀድመው ነበር።

ፍለጋው በእርሱ አልቆመም። ከ1999 እስከ 2020 በአሜሪካ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በመራው ሥራ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒዩተራቸው ሥራ በፈታበት ሰዓት ከሰማይ የተቀዳ የራዲዮ ሞገድ እንዲመረምር ያለ ክፍያ ሰጥተዋል። ከሌላ ዓለም መምጣቱ የተረጋገጠ ምልክት ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ኸርሸል ነዋሪ ፍለጋ በሠራው መሣሪያ ከዋክብትን አንድ በአንድ እየተመለከተ ይመዘግብ ነበር። መጋቢት 13 ቀን 1781 ሌሊት ከቤቱ ጓሮ ሆኖ እንደ ነጥብ ሳይሆን እንደ ትንሽ ክብ የሚታይ ብርሃን አገኘ። እርሱ ጅራታም ኮከብ መሰለው፤ ሌሎች ሊቃውንት መንገዱን ቢያሰሉ ከሳተርን ማዶ ፀሐይን የሚዞር አዲስ ፈለክ ሆነ። ዛሬ ዩራነስ የምንለው ነው። ከእርሱ በፊት ያዩት ነበሩ፤ ፍላምስቲድ የተባለው ሊቅ በ1690 ከከዋክብት እንደ አንዱ መዝግቦ አልፎታል።

ከዚህ በኋላ ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ በዓመት 200 ፓውንድ ቆረጠለት። ከሙዚቃ ያገኘው ከነበረው ያነሰ ቢሆንም ተቀበለ፤ ሙዚቃንም ተወ። የዩራነስንና የሳተርንን ሁለት ሁለት ጨረቃዎች አገኘ። በ1800 የፀሐይን ብርሃን በቀለም በቀለሙ ከፍሎ ሙቀቱን ሲለካ፣ ከቀዩ ቀለም ውጭ ዓይን የማያየው ጨረር መኖሩን ገለጠ። በ1822 በ83 ዓመቱ ሞተ።

ሌሊቱን ሁሉ እርሱ የሚያየውን ስትጽፍ የኖረችው ካሮሊን ነበረች። ራሷም 8 ጅራታም ከዋክብትን አገኘች፤ ከ1787 ጀምሮ በዓመት 50 ፓውንድ ደመወዝ ተቆረጠላት። ወንድሟ ሲሞት ወደ ሐኖቨር ተመለሰች፤ እርሱ ያገኛቸውን ወደ 2500 የሚጠጉ ደመናማ ብርሃናትም ማንም ሳይከፍላት በየስፍራቸው አሰናድታ ለልጁ ለጆን ላከችለት። ጆንም መዝገቡን ይዞ አባቱ የተመለከተውን ሰማይ እንደገና ፈተሸ።