ካመርሊንግ ኦነስና የላይደን አጫጭር ዘገባዎች

የጉናን ተራራ የሌሊት ውርጭ የቀመሰ የጋይንት ወይም የእስቴ ሰው ብርድን ዐውቃለሁ ቢል ማንም አይፈርድበትም። ነገር ግን ውኃ በረዶ የሚሆነው በ273 ኬልቪን ነው። ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ ዕድሜውን የፈጀበት ብርድ 4 ኬልቪን ገደማ ነበር።

ይህ የፊዚክስ ሊቅ በ1853 (ዘመኑ ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) በሆላንድ አገር፥ በግሮኒንገን ከተማ ተወለደ። በ1882 በላይደን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ከ3 ዓመት በኋላም ላቦራቶሪው የራሱ የዘገባ ተከታታይ እንዲኖረው አደረገ። ዘገባዎቹ አጫጭር ነበሩ። በአምስተርዳም ለሳይንስ አካዳሚ የቀረበው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ወደ ውጭ አገር ይላካል። ሆላንድኛ የማያነበው ዓለም የላይደንን ሥራ ያወቀው በዚሁ መንገድ ነው።

ላቦራቶሪው የቆመው በ1807 ባሩድ የጫነ መርከብ ፈንድቶ ባፈራረሰው ሰፈር ላይ ነበር። ከተማይቱ ያን መዓት አልረሳችምና፥ በዚያ ስፍራ የታመቀ ጋዝ መኖሩ ሲሰማ ክርክር ተነሣ፤ ሥራውም ከ1895 እስከ 1898 ታገደ። በዚያው በ1898 ጄምስ ዴዋር በለንደን ሃይድሮጅንን ፈሳሽ በማድረግ ቀደመው። የመዘግየት ዋጋ ለኦነስ የተገለጠለት ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ሐምሌ 10 ቀን 1908 ግን ቀዳሚው እርሱ ሆነ። ከማለዳ እስከ ምሽት ተደክሞ 60 ኪዩቢክ ሳንቲሜትር ያህል ፈሳሽ ሂሊየም ተገኘ። ከዚያ በኋላ እስከ 1923 ድረስ ከላይደን በቀር ይህን ፈሳሽ የሠራ ላቦራቶሪ አልነበረም።

ሚያዝያ 8 ቀን 1911 በቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ የነበረው ባዜቃ በሂሊየም ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክን ጅረት መቃወሙን ፈጽሞ ተወ። ዛሬ ሱፐርኮንዳክቲቪቲ የሚባለው ክሥተት ይህ ነው። ኦነስ ነገሩ ሁሉ እስኪጣራ አልጠበቀም። የመጀመሪያው ዘገባ በ20 ቀን ውስጥ ለአካዳሚው ቀረበ፤ ሁለተኛው በግንቦት ተከተለ። ሦስተኛው በኅዳር ወጥቶ፥ ተቃውሞው የሚጠፋው ቀስ በቀስ ሳይሆን በ4.2 ኬልቪን አጠገብ በድንገት መሆኑን አሳየ። አንዱ ዘገባ ያጐደለውን ቀጣዩ ሞላው እንጂ ትልቅ መጽሐፍ አልተጠበቀም።

በሦስቱም ዘገባዎች ራስ ላይ የሰፈረው ስም ግን አንድ ብቻ ነው። ከፓምፖቹ ንውጽውጽታ ርቆ በሌላ ክፍል ተቀምጦ የተቃውሞውን መጠን የለካው ወጣቱ ሂለስ ሆልስት ነበር። በዘመኑ ላቦራቶሪና ዘገባው የፕሮፌሰሩ መሆናቸው የተለመደ ቢሆንም፥ ያን መርፌ በዐይኑ ያየ ሰው ከደራሲነት መቅረቱ ዛሬም ያከራክራል።

ኦነስ በ1913 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ፤ የካቲት 21 ቀን 1926 በላይደን ዐረፈ። ሆልስት በ1914 ወደ አይንድሆቨን ሄዶ የፊሊፕስን የምርምር ላቦራቶሪ በመጀመሪያ ዲሬክተርነት መራ።