የጉንፔ ዮኮይ ሕይወትና ሥራ

ያረጀ ብራና ከመበጣጠሱ በፊት ቁም ጸሐፊ ገልብጦ እንደሚያተርፈው በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ላደገ ሰው የታወቀ ነው። ጽሕፈቱ በሲሊከን ውስጥ የተቆለፈ እንደ ሆነ ግን ማን ይገለብጠዋል? የጃፓናዊው መሐንዲስ የጉንፔ ዮኮይ ሥራ ይህን ጥያቄ ትቶ አልፏል።

ዮኮይ በ1941 እ.ኤ.አ. በኪዮቶ ተወለዱ። በዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርታቸውን ፈጽመው በ1965 ኒንቴንዶ ሲገቡ፣ ሥራቸው የመጫወቻ ካርታ የሚያመርቱትን መሣሪያዎች መጠገን ነበረ። ለመዝናኛ የሠሩትን የሚዘረጋ መቆንጠጫ የኩባንያው ፕሬዚዳንት አይተው በ1966 ለገበያ ስላዋሉት፣ ከዚያ ወዲያ አሻንጉሊት ፈጣሪ ሆኑ።

አዲስ ጨዋታ ከውድ ቴክኖሎጂ ሳይሆን፣ ከረከሰና በሚገባ ከታወቀ ዕቃ ይፈጠራል ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ የካልኩሌተር ቺፕና የፈሳሽ ክሪስታል መስታወት ሲረክስ፣ በ1980 «ጌም ኤንድ ዎች» የተባለውን የኪስ ጨዋታ አወጡ፤ ከ43 ሚሊዮን በላይም ተሸጠ። በ1989 ጌም ቦይን አስከተሉ። በ1997 በመኪና አደጋ በ56 ዓመታቸው ዐረፉ።

ርካሽነቱ ግን ዕዳ ነበረበት። የኪስ ጨዋታው ፕሮግራም በሻርፕ ቺፕ ውስጥ በፋብሪካ የታተመ ስለ ሆነ፣ በተለመደው መንገድ ከውጭ አይነበብም። ስለዚህ ባለሙያዎች የቺፑን ሽፋን በአሲድ ገፍፈው፣ በማይክሮስኮፕ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ 0ና 1ን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ሥዕሎቹ የሚገኙት በመስታወቱ ላይ እንጂ በቺፑ ውስጥ ስላልሆነ ለብቻ ይገለበጣሉ፤ ከዚያም ኮምፒዩተር የቺፑን ጠባይ እየመሰለ ጨዋታውን ያስኬዳል።

የሠሪው እጅ ካረፈ ወዲያ፣ ሥራው የሚኖረው ታማኝ ገልባጭ እስካገኘ ድረስ ነው።