ሠዓሊው ቴዎዶር ሩሶና የፎንቴንብሎ ዛፎች

ሩሶ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ፈላስፋው ወደ ዣን ዣክ ያመራል። ሠዓሊው ቴዎዶር ሩሶ ግን እ.ኤ.አ. በ1812 በፓሪስ ከተማ ከልብስ ሰፊ አባት የተወለደ፣ ዕድሜውንም ዛፍንና ሰማይን ሲመረምር የፈጸመ ሌላ ሰው ነው።

በዘመኑ በነበረው የአካዳሚ ሥርዓት ዛፍ የጥንታዊ ታሪክና የአፈ ታሪክ ማጀቢያ ከመሆን ያለፈ ክብር አልነበረውም። ሩሶ ይህን ልማድ አልተቀበለም። ገና በወጣትነቱ ቀለሙን ይዞ ወደ ሜዳ እየወጣ፣ የእያንዳንዱን ዛፍ ግንድና ቅርንጫፍ ለይቶ፣ የሰው መልክ እንደሚሥል ሁሉ በጥንቃቄ ይሥል ነበር። የአየሩንም ጠባይ እንዲሁ ይከታተል ነበር፤ በ1845 በሣለው «ውርጭ» በተባለው ሥራው አመዳይ የለበሰው መሬትና በጥቁር ደመና መካከል የሚፈነጥቀው የጀምበር መጥለቂያ ቅላት አብረው ይታያሉ።

ለዚህ አካሄዱ የከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። ከጁራ ተራሮች የሚወርዱትን ከብቶች ያሳየበት ትልቅ ሥዕሉ በ1836 «ሳሎን» ከተባለው ይፋዊ ትርኢት ተመለሰበት። ከዚያ በኋላ ያቀረባቸውም ሥራዎች ተራ በተራ ውድቅ ስለሆኑ «ታላቁ ውድቅ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። የንጉሡ አገዛዝ በ1848 እስኪወድቅ ድረስም የሳሎኑ በር አልተከፈተለትም።

በዚሁ ዘመን ኑሮውን ከፎንቴንብሎ ደን አጠገብ በምትገኘው በባርቢዞን መንደር አደረገ። ለደኑ ሹማምንት ያረጀ የኦክ ዛፍ ተቆርጦ በጥድ ሊተካ የሚገባው እንጨት ነበር፤ ለሩሶ ግን ዘመናትን የቆጠረ ሕያው ፍጥረት ነበር። በ1847 ዛፎች ሲቆረጡ የሚያሳይ ሥዕል ጀምሮ፣ ሄሮድስ ባስፈጃቸው ሕፃናት ስም ሰየመው። ቀጥሎም ጥንታውያኑ ዛፎች እንዲጠበቁ ለናፖሊዮን ሦስተኛ መንግሥት አቤቱታ አቀረበ። በ1853 624 ሄክታር ከመቆረጥ ተጠበቀ፤ በ1861 በወጣው ድንጋጌም ክልሉ ወደ 1,097 ሄክታር ከፍ አለ። ይህ የሆነው በአሜሪካ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ከመቋቋሙ ከ11 ዓመት በፊት ነው።

ሩሶ በታኅሣሥ 1867 ባርቢዞን ውስጥ አርፎ በሻዪ መንደር ተቀበረ። ወዳጁ ሠዓሊው ሚሌም በ1875 ከጎኑ አረፈ። በ1836 የተመለሰበት ታላቅ ሥዕል፣ በተሠራበት ሬንጅ መሰል ቀለም ምክንያት ከዘመን ብዛት ጠቁሮ ተበላሽቷል። እንዳይቆረጥ የተከራከረለት ደን ግን ዛሬም ቆሞ ጎብኚውን ይቀበላል።