ኮርኔሊያ፦ የግራኩስ ልጆች እናት

የሮምን ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼ ሴኔት፣ ቆንስል፣ ትሪቡን የሚሉትን ቃላት ለፈተና ይሸመድዷቸዋል፤ ከፈተና በኋላ ይረሷቸዋል። በአንዲት እናት ቤት በኩል ስንገባ ግን ትምህርቱ ነፍስ ይዘራል። ያቺ እናት ከ2,100 ዓመታት በፊት የኖረችው ኮርኔሊያ ናት። በማኅበራችን ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ብዙዎች ስላሉ ታሪኳን ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ኮርኔሊያ የትልቅ ሰው ልጅ ናት። አባቷ ሲፒዮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ202 የካርታጎውን የጦር መሪ ሃኒባልን ድል ያደረገ ጀግና ነው። ባሏ ግራኩስም ሁለት ጊዜ ቆንስል ሆኗል። ያኔ ሮም ንጉሥ አልነበራትም፤ በየዓመቱ የሚመረጡ ሁለት ቆንስሎችና ሴኔት የሚባለው የመኳንንት ሸንጎ ያስተዳድሯት ነበር። ሴት ግን ባለጸጋም ብትሆን አትመርጥም፣ አትመረጥም። የጨዋ ሴት ሙያ ቤት ማስተዳደርና ሱፍ መፍተል ነበር።

ኮርኔሊያ 12 ልጆች ወለደች። ለቁም ነገር የደረሱላት ሴምፕሮኒያ፣ ቲቤሪየስና ጋይየስ ብቻ ናቸው። ባሏ ሲሞት የግብፅ ንጉሥ ፕቶሎሚ ለጋብቻ ጠየቃት። እሷ ግን ንግሥትነቱን ትታ የባሏን ንብረት እያስተዳደረች ልጆቿን ለማሳደግ ወሰነች። እሷ ራሷ የተማረች ስለነበረች ከግሪክ አገር የታወቁ መምህራን ቀጠረችላቸው። አንድ ቀን አንዲት እንግዳ ጌጣጌጧን እያወጣች ስታሳያት፣ ልጆቿ ከትምህርት ቤት እስኪመለሱ ጠብቃ ጌጦቿ እነሱ መሆናቸውን ነገረቻት ይባላል።

የሮም ገበሬ በዚያን ዘመን በሩቅ አገር ጦርነት እየዘመተ መሬቱ ጾም ያድር ነበር። ሀብታሞች መሬቱን እየጠቀለሉ በባሪያ ጉልበት ያሳርሱታል፤ መሬት ያጣው ሰው ወደ ከተማ ተሰዶ በኪራይ ቤት ይታጨቃል። ቲቤሪየስ በ133 ትሪቡን፣ ማለትም የተራው ሕዝብ ተጠሪ ሆኖ ሲመረጥ፣ ከተወሰነው መጠን በላይ የተያዘው የመንግሥት መሬት ለድሆች እንዲከፋፈል ሕግ አወጣ። በአገራችን ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. መሬት ላራሹ ብለው ሰልፍ መውጣታቸውን፣ የገጠር መሬት አዋጅም በ1967 ዓ.ም. መታወጁን ለምናውቅ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ሴናተሮቹና ተከታዮቻቸው ግን ቲቤሪየስን ከ300 ከሚበልጡ ደጋፊዎቹ ጋር በዱላ ቀጥቅጠው ገደሉት፤ ሬሳውንም ወንዝ ውስጥ ጣሉት።

ከአሥር ዓመት በኋላ ጋይየስ በተራው ትሪቡን ሆነ። ለድሃው እህል በርካሽ ዋጋ በየወሩ እንዲሸጥ ሕግ አወጣ። የወንድሙን ባላጋራ የሚጎዳ ሌላ ሕግም አቅርቦ ነበር፤ እናቱ ስለለመነችው ግን ተወው። ድምፅ የመስጠት መብት የሌላት ሴት በምክሯ ሕግ አስነሣች ማለት ነው። በ121 እሱም በሁከት ሞተ፤ ብዙ ደጋፊዎቹም አለቁ።

እዚህ ላይ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ኮርኔሊያ የሲፒዮ ዘመድ ከመባል ይልቅ የግራኩስ ልጆች እናት ተብላ መጠራት እንደምትፈልግ እየነገረች ልጆቿን ታነሣሣቸው ነበር የሚል ታሪክ አለ። አንዳንዶቹ ተማሪዎች ለሞት የገፋቻቸው እሷ ናት ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ አስተምራ ካሳደገቻቸው ወዲያ መንገዱን የመረጡት ራሳቸው ናቸው ይላሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፤ የተማረ ልጅ የራሱን ሸክም ራሱ ይመርጣል። ቢሆንም ልጇን ለትምህርት የምትልክ እናት ሁሉ የምታውቀው ፍርሃት የመጀመሪያዎቹ ሐሳብ ውስጥ አለ።

ኮርኔሊያ በስተርጅናዋ ሚሴኑም በተባለ የባሕር ዳርቻ ኖረች። ቤቷ ከእንግዳና ከምሁራን ተለይቶ አያውቅም። ስለ ልጆቿ ስትጠየቅ ያለ እንባ፣ ሥራቸውንና መከራቸውን እንደ ጥንት ታሪክ ትተርክ ነበር። በገዳዮቹ ዘንድ ግን ነገሩ አልቆመም። አንዴ ሸንጎ ውስጥ የገባ ደም በመቶ ዓመት ገደማ ሪፐብሊኩን በልቶ ሮምን በአንድ ሰው፣ በአውግስጦስ ቄሳር እጅ ጣላት።

ሮማውያን ለኮርኔሊያ የነሐስ ሐውልት አቆሙላት። ሐውልቱ ጠፍቷል፤ የሲፒዮ ልጅና የግራኩስ ልጆች እናት መሆኗ የተጻፈበት የድንጋይ መቆሚያው ግን ዛሬም ሮም ውስጥ አለ።

እህቶቼ፣ ልጆቻችሁ የሮምን ምዕራፍ ሲያጠኑ ስለ ግራኩስ ወንድማማቾች ጠይቋቸው። ከዚያም ማን እንዳሳደጋቸው ንገሯቸው።